ብቻውን የተቀመጠው ወርዋሪ

ሰው ሁሉ ውሃ የነካው አፈር ሲሸተው ደስ ይለዋል። እኔ እናደዳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ወደ ዋይሊ ስሄድ ዳላስ ባለው የድሮ ሰፈራችን በሌክ ሃይላንድስ በኩል አለፍኩና መብራት ያዘኝ። ከመንገዱ ማዶ ባለው የልጆች ቤዝቦል ሜዳ አንድ ሰው የውሃ ጎማ ይዞ ቀዩን አፈር ያጠጣል፤ ጨዋታ ሳይጀመር አቧራው እንዳይነሳ እንዲህ ያደርጋሉ። መስኮቴ ክፍት ነበርና ሽታው ሳያስፈቅድ ገባ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክስ ሲያምባርቅብኝ መሪውን አንቄ ይዤ ነበር።

ሰሌዳውም ከቦታው አልተነሳም። ከመቺው ጀርባ ባለው አጥር ላይ የተሰቀለ አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። አንድ ወርዋሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወርውሮ፣ ከተቃራኒው ቡድን አንድም ልጅ ኳሱን በደንብ ሳይመታበት ጨዋታው ካለቀ «ኖ ሂተር» ይባላል፤ በዚያ ሜዳ ይህን ያደረጉ ልጆች ስማቸው ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ወንድሜ ናሆም በየሳምንቱ ከጨዋታ በፊት እዚያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ባዶውን መስመር በጣቱ ይነካ ነበር። ስሙ ዛሬም የለበትም። ለምን እንደሌለ ማንም አልጠየቀኝም፤ እናገራለሁ።

በፈረንጅ ሁለት ሺህ ስምንት ጸደይ ላይ ነው። እኔ አሥር ዓመቴ፣ ናሆም አሥራ ሁለት። አባታችን የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እናታችን ግራንድ ፕሬሪ ካለ መጋዘን ዕቃ ታሽጋለች፤ ቅዳሜም ትገባለች። እኛን የሚጠብቁን ከደብረ ታቦር የመጡት አባቷ ነበሩ። አባባ እንላቸዋለን። በአገራቸው እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ከእህሉ ይልቅ ግን ስማቸው የወጣው በእርቅ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በድንበር ሲካሰስ፣ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር ትላለች እማዬ። ዳላስ ሲመጡ የተጣላ ሰው አላጡም፤ ያጡት ቋንቋውን ነው።

ሥራ ሲያጡ ቴሌቪዥን ከፈቱ። በቴሌቪዥኑ ደግሞ ጠዋት ማታ ቤዝቦል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው በዚህ ሁሉ ብርሃን መሀል ቆሞ ምራቁን እየተፋ ምን እንደሚጠብቅ አልገባቸውም ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ግን ከሶፋው ላይ ተነሥተው ከዘራቸውን ወደ ስክሪኑ ቀስረው አገኘናቸው።

«ይሄማ ገና ነው!» አሉን። «ዱላው ወፈረ፣ ሜዳው ታጠረ እንጂ የገና ጨዋታ ነው። ሰዎቹ ከእኛ ነው የወሰዱት።»

ናሆም ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አመንኳቸው፤ እንዲያውም በማግስቱ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። መምህሯ «ኢንተረስቲንግ» አለችኝ። ያን ጊዜ ምስጋና መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከአፓርታማችን የቆሻሻ ገንዳ ጎን፣ ቤት የለቀቀ ጎረቤት የጣለውን የጫማ ካርቶን አገኘሁ። ውስጡን የታላላቅ የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርድ ሞልቶታል፤ ፊቱ ፎቶ፣ ጀርባው ቁጥር። ሌሎች ልጆች ፎቶውን ይወዳሉ፤ እኔ ቁጥሩን ወደድኩ። ከትምህርት ቤት መልስ አባባ አጠገብ እቀመጥና እያነበብኩ እተረጉምላቸዋለሁ። የሰዎቹ ስም አፋቸው ላይ አልቆም ስላላቸው እንደ ድሮ ጦረኛ ሁሉ ለእያንዳንዱ የፈረስ ስም አወጡለት። እኔም እስከ ዛሬ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የእሳቸው ስም ነው።

ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ፣ አንድም ቀን ሳይቀር የተጫወተውን «አባ አይታክት» አሉት።

«አያመውም?»

«ያመዋል፤ ግን ይጫወታል አባባ።»

«ልቅሶስ?»

«አላውቅም። አልቀረም ነው የሚለው።»

«እንግዲያ ዕድር የለውም ማለት ነው» አሉ በሐዘን።

ሃምሳ ስድስት ጨዋታ በተከታታይ ሳይመታ ያልወጣውን «አባ አይነጥፍ» አሉት። ያ ክብረ ወሰን ከእናቴ ልደት በፊት ጀምሮ ማንም አልነካውም ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰባት ኖ ሂተር የወረወረው ደግሞ «አባ መብረቅ» ሆነ። ሰባተኛውን የወረወረው በአርባ አራት ዓመቱ፣ እዚሁ ከእኛ ቅርብ አርሊንግተን ነው። ለናሆም ከእሱ በላይ ሰው የለም። ካርዱን ለምኖ ወሰደብኝና በኮፍያው ውስጥ ሰካው። ሲወረውር ላቡ እያራሰው የሰውዬው ፊት እስኪደበዝዝ ድረስ አላወጣውም።

ወንድሜ ጎበዝ ወርዋሪ ነበር። ወንድሜ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው፤ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ሲቀማኝ ጠላቴ ነው። ግን እጁ የተለየ ነበር። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ቀስ ያለ ይመስልና መቺው ዱላውን ሲያነሳ አልፎታል። ሲሮጥ ደግሞ ዳክዬ ነው። ይህን የማነሳው የቡድኑ ልጆች «ማራቶን» የሚል ስም ስላወጡለት ነው። ኢትዮጵያዊ አይደለህ፣ ሩጥ እንጂ ይሉታል። እየተደነቃቀፈ ሲሮጥ ወላጆቻቸው ሳይቀሩ ይስቃሉ። በሁለተኛው ሳምንት «ቤታችሁ ምግብ አለ?» ብሎ የጠየቀውም ልጅ ነበር። ስሙን አውቀዋለሁ፤ አልጽፈውም።

ከጨዋታ በኋላ የሚበላ ነገር በየተራ ይመጣል። የእኛ ተራ ሲደርስ እማዬ ከሥራ ገብታ፣ ሳትተኛ፣ ዳቦ ቆሎ ሠርታ በትንንሽ ከረጢት ለእያንዳንዱ ልጅ አሰረች። ልጆቹ አሸተቱት። አንዷ እናት ፈገግ ብላ «ኦ፣ ሃው ናይስ» አለችና ሰበሰበችው፤ ከዚያ ከመኪናዋ ኩኪ አመጣች። ስንወጣ ከረጢቶቹን ከነማሰሪያቸው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ አየኋቸው። ናሆም አላየም። ወይም እንዳላየ ሆነ።

አንድ ሰኞ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ናሆም ጠጠር በእግሩ እየመታ ሄደ ሄደና፣ «ኮቹ ቤት የፒዛ ፓርቲ ነበር እኮ» አለኝ።

«መቼ?»

«ሳተርደይ። ሁሉም ሄደዋል። ታይለር ኮል አደርግሃለሁ ብሎኝ ነበር። አላደረገም።» ኮቹ አሠልጣኛቸው ነው፤ ታይለር ኳሱን የሚቀበልለት ልጅ ነው፤ ጓደኛዬ የሚለውም እሱን ብቻ ነበር። «ማለቴ፣ ምናልባት ረስቶት ይሆናል።»

አባባ ይህን ሁሉ እነግራቸው ነበር። በየጨዋታው ይመጣሉ፤ ታጣፊ ወንበራቸውን ከልጆቹ መጠለያ አጠገብ ዘርግተው፣ ነጠላቸውን በኮታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል ተክለው ይቀመጣሉ። የተቃራኒው ቡድን መቺ ሲመጣ ደግሞ በአገራቸው ወግ ይሰድቡታል። «አንት ወፍ እንኳ የማታባርር!» ሲሉ ፈረንጆቹ የሚያበረታቱ መስሏቸው ያጨበጭባሉ። ስለ ፓርቲው ስነግራቸው ግን ከዘራቸውን ሁለቴ መሬት መቱና ሁልጊዜ የሚሉትን አሉ፦

«በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ።»

«እኛ ጌታ ነን እንዴ አባባ?»

«ያልተቆጣ እሱ ነው ጌታ።»

ያን አባባል ጠላሁት። ዛሬም እጠላዋለሁ። ጌታማ ቤቱ ፒዛ ያለው ነው፤ ጌታማ ዳቦ ቆሎውን በርሜል ውስጥ ጥሎ ፈገግ የሚለው ነው። እሱ ለምን ይቆጣል? አትቆጣ የሚባለው ሁልጊዜ የተረገጠው ነው። በአሥር ዓመቴ ይህን በቃላት አልቻልኩትም።

ከካርዶቼ መሀል አንድ ሰው ነበር፤ ቁጥሩ ብቻ አልበቃኝ ብሎ ከትምህርት ቤቱ ላይብረሪ መጽሐፍ አወጣሁለት። ኳስን ከአጥር ውጭ መምታት «ሆም ረን» ይባላል፤ ይህ ሰው የምንጊዜውንም የሆም ረን ክብረ ወሰን ሊሰብር ተቃርቦ ነበር። የቀድሞው ባለክብረ ወሰን ነጭ ነው፤ ይሄኛው ጥቁር። አንድ ዝናባማ ከሰዓት ለአባባ አነበብኩላቸው። ሰዎች በጆንያ የሚቆጠር ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር፤ ብትመታ እንገድልሃለን የሚል። ጠባቂ ተመደበለት። ከጓደኞቹ ተለይቶ በሌላ ስም ሌላ ቦታ ያድራል፤ በጓሮ በር ይወጣል፤ ምግቡን በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይበላል።

«ብቻውን?» አሉ አባባ። ስለ ግድያው አልነበረም የጠየቁት። «ጓደኞች እያሉት ብቻውን በላ?»

«አዎ።»

«ከዚያስ?»

«መታው። ከዚያ በኋላም ብዙ መታ።»

ካርዱን ከእጄ ወስደው ፎቶውን አዩና «አባ ቻለው» አሉት።

ከእሱ በፊት ስለነበረውም አነበብኩ፤ ለረጅም ዘመን ጥቁር አይገባበትም ከተባለው ሊግ ውስጥ መጀመሪያ ስለገባው። አንዳንዶቹ የገዛ ቡድኑ ሰዎች አብረነው አንጫወትም ብለው ነበር። ሲሰድቡት፣ ሲረግጡት መልስ እንዳይሰጥ፣ እንዳይቆጣ አስቀድሞ ቃል አስገብተውታል።

«አትቆጣ ብለው አስማሉት?»

«እንደዛ ነው የሚለው።»

አባባ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ፤ ታች ፓርኪንጉ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። የገና ጨዋታውን አባባል ያን ቀን አላነሡትም።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ግንቦት ላይ ነው፤ ሙቀቱ ከጠዋቱ ያቃጥላል። እማዬ ሥራ ገብታለች። ጨዋታው ስድስት ዙር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች አንድም ልጅ የናሆምን ኳስ አልመታም። እኔም አባባም አውቀናል፤ ተያይተን ወደ ሰሌዳው ቀና አልን።

በአራተኛው ዙር ናሆም ወርውሮ ሲመለስ ነገሩ ተለወጠ። ልጆቹ የሚቀመጡበት መጠለያ ከፊቱ ሽቦ ነው፤ ሁሉም ነገር ይታያል። ናሆም አግዳሚው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዱ። ታይለር ሁልጊዜ ከእሱ ጎን ተቀምጦ የተቆላ ሱፍ ያካፍለው ነበር፤ አብረው እየፈለጡ ቅርፊቱን ይተፋሉ። ታይለርም ከረጢቱን ይዞ ተነሣ። ኮቹ በፊቱ ሲያልፍ አንገቱን አዞረ። በረጅሙ አግዳሚ ላይ ወንድሜ ብቻውን ቀረ፤ ሌሎቹ በአንድ ጥግ ታጭቀው ወደ እሱ ላለማየት ጫማቸውን ያያሉ።

«ቤዛ» አሉኝ አባባ። «ልጁን ምን አደረጉት?»

«አላውቅም አባባ።»

እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር። የካርድ ጀርባ ላይ ቁጥር እንጂ ልማድ አይጻፍም።

አምስተኛው ዙር ላይም ያው ነው። ናሆም ሦስቱንም መቺዎች አስወጥቶ ሲመለስ እንኳን ማጨብጨብ ቀና ብሎ ያየው የለም። ውሃ ለመጠጣት ሲነሣ መንገድ ለቀቁለት፤ በሽታ እንዳለበት ሰው። የአባባ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ብቻውን» ነው የሚሉት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍተው ተነሡ።

የመጠለያውን በር በከዘራቸው ገፍተው ገቡ። ከናሆም ጎን ተቀመጡና እጃቸውን ጭኑ ላይ ጭነው፣ «አይዞህ የኔ ልጅ፤ እኔ አለሁ» አሉት። ናሆም ደንግጦ ፈዘዘ። ከዚያ አባባ ወደ ጥጉ ዞሩ፤ ያን ሁሉ ሳምንት አይቆጣም ጌታ ሲሉ የነበሩት ሽማግሌ ከዘራቸውን ሰበቁና ጮኹ።

«ምን በደላችሁ? በክንዱ እያሸነፋችሁ በዓይናችሁ ታባርሩታላችሁ? አባ ቻለውን እንዲህ ያደረጋችሁት አነሳችሁ?»

ዳኛው ጨዋታውን አስቆመ። ትንንሾቹ ልጆች ማልቀስ ጀመሩ። ኮቹ ፊቱ በርበሬ መስሎ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። ናሆም ተነሣ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አባባ፣ ፕሊስ። ስቶፕ። ሂድ። ውጣ!»

ናሆም አማርኛው ይሰባበራል፤ አያታችንን ግን አንቱ ሳይል ቀርቶ አያውቅም። «ሂድ» ሲላቸው አባባ ከዘራቸውን ዝቅ አደረጉ። ወጡ።

በስድስተኛው ዙር የወረወረው የመጀመሪያ ኳስ ተመታ። በሰማይ ሄዶ ማንም የሌለበት ሣር ላይ አረፈ። ቡድኑ አሸነፈ፤ ማንም አልጨፈረም።

ኮቹ ወደ እኔ መጣ፤ በቤተሰቡ ውስጥ ተርጓሚ እኔ መሆኔን ያውቃል። ልጅ ኖ ሂተር እየወረወረ ሳለ ማንም አያናግረውም፣ አጠገቡ አይቀመጥም፣ የነገሩ ስም አይነሣም፤ ከተነሣ ይበላሻል አለኝ። ልጆቹ እንዲህ የሆኑት ለእሱ ብለው ነው። «ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል» አለ። አያትሽ ይቅርታ ካልጠየቁ ወደዚህ ሜዳ አይመጡም ብለሽ ንገሪያቸው አለ።

ሁሉም ሰው። ማን ነው ሁሉም ሰው? የፒዛውን ቀን ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር፤ ይህንንም ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እኛ ግን ከሰው አልተቆጠርንም መሰለኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። አባባ ልጥ አይተው በረገጉ፤ እሺ። እባቡን ያሳያቸው ማን ነው? ያን ጸደይ ሙሉ ባያገሉት ኖሮ፣ የዚያን ቀን የራቁት ለፍቅር ነው ብለን እንጠረጥር ነበር። ጨካኝ ሰው አንድ ቀን ደግ ቢሆን ማን ይለየዋል?

ናሆም ያን ሳምንት ከአባባ ጋር አልተነጋገረም። እራት ሲቀርብ በሳህን ይዞ መኝታ ቤት ይገባል። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ለመነችው፣ ተቆጣችው።

«ሶ፣ ምን ይሁን ነው የምትለው? አላወቁም። ለአንተ ብለው ነው፤ ኦኬ?»

«ሁሉም ላፍ አደረጉብኝ!» አለ ከውስጥ። «ስሜ ይጻፍ ነበር እኮ!»

አባባ ጠረጴዛው ላይ ብቻቸውን ቀሩ። እኔ አብሬያቸው ተቀመጥኩ፤ የእኔ መኖር ግን ምንም አልሞላላቸውም።

ኮቹ የነገረኝን ልማድ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ ከዚያ ጉርሻው በእጃቸው እንዳለ ቆመ።

«ዓይን ፈርተው ነው?»

«እንደዛ ነገር።»

«ወይኔ!» ግንባራቸውን መቱ። «እኛስ እንዲሁ አይደለንም? ያማረበት ልጅ ይሸፈናል እንጂ በአደባባይ ስሙ ይጠራል? ሊሸፍኑት ነው እኔ የገለጥኩት!»

«ግን እነሱም እኮ አባባ...»

«የእነሱን እነሱ ያውቃሉ። በዳዩ እኔ ነኝ። ሰውዬው ይቅርታ ይጠይቅ ብሏል አላልሽም? ደግ ብሏል።» ከብዙ ቀን በኋላ ፊታቸው በራ። «ይሄንንስ እችልበታለሁ።»

ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ አልጠየቅሁም። አስተርጉሚልኝ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ እማዬ ሥራ ገባች። እኔና ናሆም ወደ ሜዳው በእግራችን ሄድን፤ አባባን ቤት ተውናቸው። ሁለተኛው ዙር ላይ ናሆም እየወረወረ ሳለ አንዲት እናት ጮኸች። ዞር ስል አባባ ከሜዳው ጀርባ ካለው ጅረት በኩል፣ በክፍት ቦታው፣ ሜዳውን አቋርጠው ይመጣሉ። ነጠላቸውን በወገባቸው አደግድገዋል። ከዘራቸውን አልያዙም። አንገታቸውን ደፍተው፣ በማጅራታቸው ላይ ትልቅ ነጭ ድንጋይ ተሸክመው በሁለት እጃቸው ደግፈውታል።

እኔ ወዲያው ገባኝ። እማዬ ስንት ጊዜ ነግራናለች፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ ከተበደለው እግር ሥር ይወድቃል፣ የተበደለው ድንጋዩን ካንገቱ ያወርድለታል፤ ነገር በዚያ ያልቃል። አባባ የስንቱን ድንጋይ አስወርደዋል። ለራሳቸው ተሸክመው አያውቁም ነበር።

«ያ ሰውዬ ነው! ድንጋይ ይዟል!»

ወላጆች ልጆቻቸውን ጎትተው ሸሹ። ወንበር ተገለበጠ። መናፈሻውን የሚዞር ፖሊስ ከመኪናው ወርዶ እየሮጠ መጣ። አስቀምጠው እያለ ይጮኻል፤ እጁ ወገቡ ላይ ነው። አባባ እንግሊዝኛው አልገባቸውም፤ ቢገባቸውም አያስቀምጡትም ነበር። ያን ድንጋይ ተሸካሚው ራሱ አያወርደውም። ኮቹ ፊት ደርሰው በጉልበታቸው ወደቁ። ኮቹ ወደ ኋላ ሸሸ።

«በድያለሁ» አሉ ወደ መሬት እያዩ። ድምፃቸው ግን እንደ ሸንጎ ጥርት ያለ ነበር። «ባለማወቄ የልጆቻችሁን ወግ አፈረስኩ፤ የልጄን ቀን አበላሸሁ። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር በሉኝ።»

«አያቴ ናቸው! ሽማግሌ ናቸው!» እያልኩ በእንግሊዝኛ እጮኻለሁ። ማንም አልሰማኝም። ፖሊሱ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ፤ አሁን ድምፁ ተለውጧል። አባባ የበለጠ አጎነበሱ። ድንጋዩ ከባድ ነው፤ ከሚያወርድላቸው ሰው በስተቀር ግን ሁሉም ነበር።

ናሆም ኳሱን ጣለ። ያን የተሳቀበትን የዳክዬ ሩጫ እየሮጠ መጣ፤ ፖሊሱ ወደ ኋላ ቁም ሲለው አልቆመም። በፖሊሱና በአባባ መሀል ገብቶ ጎንበስ አለና ድንጋዩን በሁለት እጁ ካንገታቸው አነሣ። ከብዶት ደረቱ ላይ አቀፈው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አባባ» አለ እየተንተባተበ። «ይነሡ። ይነሡ በቃ።»

አባባ የናሆምን ጉልበት ይዘው ተነሡ። የኮታቸው ኮሌታ ላይ የድንጋዩ አቧራ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ማጅራታቸው ተልጧል። ፖሊሱ እጁን ከወገቡ አነሣ። በአጥሩ ላይ ያለው ሰሌዳ፣ ወላጆቹ፣ ታይለር የሱፍ ከረጢቱን እንደያዘ፣ ሁሉም ወደ እኛ ያያል።

ኮቹ ወደ እኔ መጣ። ላቡን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ምን ማለቱ ነው?» አለኝ። «ድንጋዩ ምንድን ነው?»

አባባ ያሉትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አውቀዋለሁ። አንዱንም ቃል ሳላስቀር ልተረጉምለት እችል ነበር። ቀና ብዬ አየሁት፤ ከዚያ እሱ ባለፈው ሳምንት በተናገረኝ ቋንቋ፣ በተናገረኝ ድምፅ መለስኩለት።

«ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል» አልኩት።

ኮፍያውን አውልቆ ናሆም ያቀፈውን ድንጋይ አየ። ዛሬም መጥቶ ቢጠይቀኝ ሌላ መልስ የለኝም።

ናሆም ድንጋዩን አላስቀመጠም፤ እንዳቀፈው ወደ መንገዱ መራመድ ጀመረ። እኔ የአባባን እጅ ያዝኩ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ።

«ነገርሽልኝ?»

«ነገርኩልዎት አባባ» አልኳቸው።